አንድ ጆሮዬ አይሰማም፤ ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚጠፋኝ ለዚህ ነው?

የደጀን ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትውልዴ ግን ደጀን ወረዳ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለች ቀበሌ ነው። መምህር ነኝ፤ 5ኛና 6ኛ ክፍል አስተምራለሁ።

9 ዓመት ሲሆነኝ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። ጉንጬ በሁለቱም በኩል አብጦ ሳምንት ያህል ተኛሁ። ከዚያ ዳንኩ፣ ሁሉም ረሳው። ቀኝ ጆሮዬ መደንቆሩን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። አጎቴ ሬዲዮ ገዝቶ መጣ። ማታ መደብ ላይ ተኝቼ እየሰማሁ ሳለ በግራ ጎኔ ስገላበጥ ድምፁ ጥፍት አለ። «ለምን ዘጋችሁት?» አልኩ። ማንም አልዘጋውም። የሚሰማውን ጆሮዬን ትራሱ ላይ አስተኝቼው ኖሮ ነው። እናቴ እያገላበጠች ስትሞክረኝ፣ ከዚያም ዝም ብላ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት አልፎኛል። ተምሬበታለሁ፣ እሠራበታለሁ። አንድ ነገር ግን እስከዛሬ አልለቀቀኝም። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ቦታ ግን የለውም። ክፍል ውስጥ 60 ልጅ አለ፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ «ቲቸር!» ሲሉኝ ዞሬ ማን እንደጠራኝ አላውቅም። ዓይኔን ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ሳንከራትት ልጆቹ ይስቃሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ገበያው አጠገብ መንገድ ስሻገር የባጃጅ ክላክስ ሰማሁ። ከግራ የመጣ መስሎኝ ወደ ቀኝ ሸሸሁ። ባጃጁ ከቀኝ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ጥጃ ጠፋችብን። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጨለማ ፍለጋ ወጣን። ቁልቁል ካለው ቁጥቋጦ «እምቧ» አለች። ለእኔም በደንብ ተሰማኝ። ወንድሜ ሳያስብ እጁን ቀስሮ «እዚያ ናት» አለና ሄደ። እኔ በሌላ በኩል ወረድኩ። 20 ደቂቃ እሾህ ለእሾህ ስሄድ ቆይቼ እሱ ጥጃዋን እየነዳ ጠራኝ፤ የጠራኝ ራሱ ከየት እንደሆነ አላወቅኩም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አቅጣጫ የሚያውቀው ጆሮ ነው ወይስ አንጎል? አንጎል ከሆነ፣ አንጎሌ ደህና ነውና በአንድ ጆሮ መማር አይችልም ወይ? ሐኪም ጋ ስሄድ «ግራው ጤነኛ ነው» ብለው ነው የሚሸኙኝ።

ፊዚክስ ነኝ፦

ቲቸር፣ ከባጃጁ ያተረፈህ ይመስገን። ጥያቄህ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው፤ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ስለዚህ ትንሽ ልረዝም ነው።

መልሱ አንጎል ነው። ግን አንጎሉ መሥሪያ ዕቃ ይፈልጋል፤ ዕቃው ደግሞ ሁለት ጆሮ ነው።

ዓይን ሲያይ ቦታውን ከነሥዕሉ ይቀበላል። ከግራ የመጣ ብርሃን ዓይን ውስጥ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ከቀኝ የመጣው ሌላ ቦታ ላይ። ጆሮ ይህ የለውም። ያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘው የውስጥ ጆሮ ድምፁን የሚለየው በቅጥነቱና በውፍረቱ ነው፤ «ይህ ከምሥራቅ መጣ» የሚል ክፍል የለውም። አቅጣጫ ከድምፁ ጋር አብሮ አይገባም። አንጎል ራሱ አስልቶ ነው የሚያወጣው።

የሚያሰላው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ከቀኝህ «ቲቸር» አለ እንበል። ድምፁ ቀኝ ጆሮ ጋ ይደርሳል፤ ግራው ጋ ለመድረስ ግን ጭንቅላትን መዞር አለበት። ትርፉ መንገድ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ግራው የሚዘገየው በ0.6 ወይም በ0.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰከንድን ለ1000 ብትከፍለው አንዷን ክፋይ እንኳ አይሞላም። ልብ በል፣ ይሄ ትልቁ ልዩነት ነው። ድምፁ ከፊት ለፊትህ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ከሆነ ልዩነቱ ከዚህም በብዙ ያንሳል። ሰው በጥሩ ሁኔታ የሰከንድን 100,000ኛ ክፋይ ያህል ልዩነት ይለያል። በዚህም ፊት ለፊት ያለ ድምፅ 1 ዲግሪ ብቻ ቢንቀሳቀስ ይታወቀናል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪ ስናገር እስከዛሬ ይገርመኛል።

ሁለተኛው መንገድ ጥላ ነው። ጭንቅላት ለድምፅ ጥላ ይጥላል። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላትን እንደልብ መዞር አይችልም፤ ስለዚህ ማዶ ያለው ጆሮ ጋ ደክሞ ይደርሳል። ወፍራም ድምፅ ግን ሞገዱ ረጅም ነው፤ የ500 ሄርዝ ድምፅ ሞገድ 68 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጭንቅላትህን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። እዚህ ላይ አንጎል በሰዓቱ ልዩነት ይጠቀማል። ለወፍራሙ ሰዓት፣ ለቀጭኑ ጥላ ማለት ነው። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1907 ያስቀመጠው ነው፤ ዋናው ሐሳቡ ዛሬም አልፈረሰም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሁለቱም መንገዶች ማወዳደር ናቸው። አንተ ጋ የሚወዳደር የለም። ሚዛን በአንድ ሳህን ብቻ እንደመመዘን ነው። አንጎልህ የሚመጣለት ሁሉ በግራ በኩል ስለሆነ ሁሉንም «ግራ» ይልሃል። ባጃጁን ከግራ ያስመሰለው እሱ ነው።

ክፍል ውስጥ የምሠራትን አንድ ሙከራ ልንገርህ። አንድ ሜትር ከምናምን የውሃ ጎማ ቁረጥ። አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁምና ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ጆሮዎቹ ይያዝ፤ ጎማው ከጀርባው ይንጠልጠል። መሐሉን በትክክል ለካና ምልክት አድርግ። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብለህ አንኳኳ። ከምልክቱ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ብታንኳኳ ወደ ቀኝ ጆሮ ያለው መንገድ ከግራው በ2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። 2 ሴንቲ ሜትር ለድምፅ የሰከንድ 17,000ኛ ክፋይ ያህል ነው። ልጁ ግን «ቀኝ» ይልሃል። አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ልጆቹ መጀመሪያ አያምኑም፣ ተሰልፈው ነው የሚሞክሩት።

ጮቄ ስር፦

የደጀኑ ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ሁለት ጆሮ አለኝ፤ ሆኖም የጻፍከውን ሳነብ ከብት ስጠብቅ ያደግኩበት ትዝ አለኝ። ሰው በማይታይበት ጉም ውስጥ በድምፅ ነበር የምንገናኘው። ጓደኛዬ ጅራፉን አንዴ ጧ ሲያደርገው የትኛው ሸንተረር ላይ እንዳለ በጣት አሳይ ነበር። ዋሽንት ሲነፋ ግን ልቤን ይነካዋል እንጂ ከየት እንደሆነ ቶሎ አይያዝልኝም። ለምንድን ነው ይሄ?

ሌላም አለ። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ድምፅ እዚያ ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል። ያ ከሆነ ፊዚክስ ነኝ ያልከው ስሌት ደጋ ላይ አይዛባም?

ደግሞስ የገደል ማሚቶው? ዓባይ በረሃ ስትጮህ ገደሉ ሁሉ ይመልስልሃል። ቤት ውስጥም እኮ ግድግዳው፣ ቆርቆሮው ይመልሳል። ታዲያ አንጎል በዚህ ሁሉ ድምፅ መሐል እንዴት አይጠፋበትም?

ፊዚክስ ነኝ፦

ጮቄ ስር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ላስተካክል። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ውርጭ በሚጥልበት 0 ዲግሪ 331 ይሆናል። ልዩነቱ ከ100 አራት እጅ አይሞላም። በዚህ አቅጣጫ አይጠፋም። ጉም ውስጥ ጅራፉን በትክክል የጠቆምከውም ለዚህ ነው።

ጅራፍና ዋሽንት፦ ጅራፍ ሲጮህ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፣ ድምፁ የሚወጣው ከዚያ ነው። አጀማመሩ እንደ ቢላ የተሳለ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ወፍራሙም ቀጭኑም አለ። አንጎል «አሁን ጀመረ» የሚልበትን ቅጽበት በሁለቱም ጆሮ በግልጽ ያገኛል፣ ሰዓቱንም ጥላውንም ባንድ ላይ ይጠቀማል። ዋሽንት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ አንድ ዜማ ላይ ይቆያል። የሚያዝ ጫፍ የለውም። ቤት ውስጥ የጠፋ ሞባይል እየጮኸ ስታሳድደው የሚያስቸግርህም ለዚህ ነው፤ በተለይ ጥሪው አንድ ወጥ ቀጭን ድምፅ ከሆነ።

የገደል ማሚቶው ደግሞ የዚህ ጉዳይ ውበት ነው ለእኔ። አንጎል መጀመሪያ የደረሰውን ያምናል። ከአፍህ ቀጥታ ወደ ጆሮዬ የመጣው አጭሩን መንገድ ስለመጣ ሁልጊዜ ይቀድማል። በግድግዳ ዞሮ የመጣው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። አንጎል ዘግይቶ የመጣውን ለድምፁ ጉልበት ይጨምረዋል፤ ስለ አቅጣጫ ግን አይጠይቀውም። ሃንስ ዋላክና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 በሙከራ አሳይተውታል። ንግግር ከሆነ እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል የዘገየውን እንደ አንድ ድምፅ እንሰማዋለን። በ50 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ 17 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ማሚቶ የለም፤ አለ፣ ግን አንጎል ደብቆታል። ዓባይ ላይ ማዶው ገደል 170 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልስ 340 ሜትር ይሆናል፣ አንድ ሙሉ ሰከንድ። ያን አንጎል ሊደብቀው አይችልም፣ ለብቻው ይሰማሃል።

እታለም፦

ሁሉንም አነበብኩት። ነርስ ነኝ፤ ባሕር ዳር የጆሮ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። የደጀኑ ወንድሜ፣ የአንተ ዓይነት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጆሮ ደግፍ አንዳንዴ የአንድ ጆሮን መስማት ጨርሶ ይወስዳል። ልጅ ስለማያመውና ሌላው ጆሮ ስለሚሰማለት ለረጅም ጊዜ አይታወቅም። እናትህ ጥፋት የለባትም፣ ይህን ንገርልኝ።

«ግራው ጤነኛ ነው» ተብለህ መሸኘትህ አናዶኛል። ትክክል ነው፤ ግን ለጥያቄህ መልስ አይደለም።

አንጎል ውስጥ ያለውን እኔ ልጨምር። የሁለቱ ጆሮ ነርቮች መጀመሪያ የሚገናኙት ከአንጎል ግርጌ፣ አንገት ሊጀምር ሲል ባለው የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው። እዚያ የወይራ ፍሬ የመሰለ ትንሽ ክፍል አለ፣ ኦሊቭ ይሉታል። ገና ድምፁ ቃል መሆኑ ሳይታወቅ፣ ማን እንደተናገረ ሳይለይ፣ ማወዳደሩ እዚያ ይጀመራል። አንዱ ጎኑ ሰዓቱን፣ ሌላው ጎኑ ጉልበቱን ያወዳድራል። ወንድምህ ሳያስብ እጁን የቀሰረው እኮ ለዚህ ነው፤ በእርግጥም አላሰበም።

ሎይድ ጄፍረስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 እንዴት ሊሆን እንደሚችል አንድ ሐሳብ አቀረበ። እኔ ለሰው ሳስረዳ እንዲህ ነው የምለው። ሁለት መልእክተኞች አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከደጀን በአንድ መንገድ ይነሳሉ። እኩል ነው የሚራመዱት። እኩል ከተነሱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ወደ ደጀን ተጠግተው ከተገናኙ የደጀኑ ዘግይቷል ማለት ነው። ሰዓት የያዘ ሰው አያስፈልግም፤ የተገናኙበት ቦታ ይናገራል። ጄፍረስ አንጎል ውስጥም ከቀኝና ከግራ የመጡት ምልክቶች የሚገናኙበት ቦታ አቅጣጫውን ይነግራል አለ።

ጉጉት ላይ ይህ በጣም ቀርቦ ተገኘ። እኛ አገር ጉጉት ስትጮህ ክፉ ወሬ ይመጣል ይባላል። እኔ ግን ይህን ካወቅኩ ወዲህ ወድጃታለሁ። ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው የጉጉት ዓይነት አለች፤ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይጥን በኮሽታ ብቻ ትይዛለች። አንዱ ጆሮዋ ከሌላው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ይሁን ከታች ትለያለች። ኤሪክ ኑድሰንና ማሳካዙ ኮኒሺ እ.ኤ.አ. በ1978 አንጎሏ ውስጥ የዙሪያዋ ካርታ እንዳለ አሳዩ፤ እያንዳንዱ ሴል የራሱ አቅጣጫ አለው። እኛና ሌሎች አጥቢዎች ላይ ግን ነገሩ እንደ ጉጉቷ ንጹሕ ካርታ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ማን በርትቶ እንደሠራ በማወዳደር የሚሄድ ይመስላል፤ ክርክሩም አላለቀም።

አሁን ወደ ዋናው፣ መማር ይቻላል ወይ?

በከፊል ይቻላል። ከውጭ የሚታየው ጆሮህ ላይ ያሉት እጥፋቶች ለጌጥ አይደሉም። ድምፅ ከላይ ሲመጣና ከታች ሲመጣ፣ ከፊትና ከኋላ ሲመጣ በእጥፋቶቹ ተጋጭቶ ትንሽ ቃናው ይለወጣል። አንጎል ይህን ቃና በልምድ ያውቀዋል። ይህ በአንድ ጆሮም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በኔዘርላንድ ፖል ሆፍማንና ባልደረቦቹ የ4 ሰዎችን የውጭ ጆሮ እጥፋት በልኩ በተሠራ ነገር ሞሉት። ሰዎቹ ግራና ቀኝን ያውቃሉ፤ ላይና ታች ግን ጠፋባቸው። ያንን እንዳደረጉ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ቢበዛ በ6 ሳምንት ውስጥ በአዲሱ ጆሮ ላይና ታችን መለየት ቻሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ መኖር ብቻ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ የተሞላው ሲወጣላቸው የድሮው ችሎታ ወዲያው እዚያው ነበር። ሁለት ቋንቋ እንደሚያውቅ ሰው ሆኑ።

ስለዚህ ተስፋ አለ። አንተም ሳታውቀው 20 ዓመት ስትማር ኖረሃል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በአንድ ጆሮ ግራና ቀኝን እንደ ወንድምህ በቅጽበት መለየት አይመጣም።

የሚረዳህ ነገር ጭንቅላትህን ማዞር ነው። ድምፁ እስከቀጠለ ድረስ ቀስ ብለህ ዙር፤ ከፍ የሚልበትን ያዝ። ግራ ጆሮህ ወደ ድምፁ ሲዞር ይጎላል። ይህ የሚሠራው ድምፁ ለቆየ ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ «ቲቸር» ብሎ ለተቋረጠ አይሠራም። ልጆቹ መጀመሪያ እጅ ያውጡ፣ ከዚያ ይናገሩ። ንገራቸውም። 12 ዓመት የሞላው ልጅ ሲነገረው ይገባዋል፣ አይስቅም። ስብሰባ ላይ ቀኝህን ለግድግዳ ስጥ። መንገድ ላይ በጆሮህ አትሸሽ፤ ክላክስ ስትሰማ ቁም፣ ዓይንህ ይወስን።

በማይሰማው ጆሮ በኩል ማይክ ተደርጎ ድምፁን ወደሚሰማው የሚያሻግር መሣሪያ አለ። በቀኝህ የተቀመጠ ሰው ሲያወራህ ይጠቅማል፣ አቅጣጫ ግን አይመልስም፤ ሁለቱም አንድ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገቡት። በቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ፣ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው፣ አንድ ጆሮ ለደነቆረባቸው ሰዎች በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈቅዷል፤ አቅጣጫን በተወሰነ መጠን ይመልሳል። ግን በጣም ውድ ነው፣ ጆሮው ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ከቆየ ደግሞ ውጤቱ ይቀንሳል። በባዶ ተስፋ ልሸኝህ አልፈልግም።

ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር፦ አንድ ጆሮ ድንገት ቢደነቁር፣ ዛሬ ይሰማ የነበረ ነገ ቢጠፋ፣ በቀናት ውስጥ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ይመለሳል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ከታከመ የሚድን አለ። ዘይትና ቅጠል አታስገቡበት።

ቅኔ ቤት የነበርኩ፦

እህቴ እታለም ያለችውን ሳነብ የኔታ ትዝ አሉኝ። ጎጃም ውስጥ ከአንድ ደብር ቅኔ ስማር መምህራችን ዓይነ ስውር ነበሩ። እኛ ከዛፍ ስር፣ ከድንጋይ ላይ፣ ከጎጆው በር ተበትነን ነው የምንቀጽለው። የኔታ መሐል ተቀምጠው በትራቸውን አገጫቸው ስር አድርገው ያዳምጣሉ። 30 ተማሪ ባንድ ጊዜ እየጮኸ አንዱ ቢሳሳት «አንተ ከዋርካው ስር ያለኸው፣ መልሰህ በል» ይሉ ነበር። ድምፁን ብቻ ሳይሆን ቦታውን። አንድ ቀን ከበሩ ወደ ዛፉ ተቀይሬ ነበር። «ዛሬ ጥላ ፈለግህ?» አሉኝ።

ያኔ እንደ ጸጋ ነበር የምናየው። አሁን ሳስበው አንድ ነገር አስተውላለሁ። የኔታ ሲያዳምጡ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያደርጉ ነበር። ሲሄዱም በትራቸውን መሬት ላይ ኳ ኳ ያደርጉና ግድግዳ ሳይነኩ ይቆማሉ። እታለም፣ ይህም ከማሚቶው ጋር ይያያዛል?

እታለም፦

አዎ ወንድሜ፣ ይያያዛል። የበትሩ ድምፅ ከግድግዳው ሲመለስ ይሰማቸዋል። ፊዚክስ ያለውን አስታውስ፣ አንጎል ያን መልስ ይደብቀዋል። ዓይነ ስውራን ግን በልምምድ የተደበቀውን መልሰው መስማት ይማራሉ። በምላሳቸው ጠቅ እያደረጉ የሚሄዱም አሉ። አንዳንዶቹ አንጎላቸው ሲታይ ማሚቶውን ሲያዳምጡ የሚሠራው ለማየት የተመደበው የኋላው ክፍል ነው። የኔታ ጭንቅላታቸውን የሚያዞሩትም ከፊትና ከኋላ ለመለየት ነው፤ ትክክለኛ ፊት ለፊትና ትክክለኛ ኋላ የሆነ ድምፅ ሁለቱ ጆሮ ጋ እኩል ስለሚደርስ በሰዓትና በጥላ አይለይም። ትንሽ ሲዞሩ ይለያል።

የደጀን ልጅ፦

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ። ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ሞክሬ ልጻፍ ብዬ ነው።

የውሃ ጎማውን ክፍል ይዤ ገባሁ። ልጆቹ ተሰለፉ። 1 ሴንቲ ሜትር ሳንኳኳ «ቀኝ»፣ «ግራ» እያሉ ይመልሳሉ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትርም የያዙ ነበሩ። ከዚያ እኔ ያዝኩትና አንዷን ልጅ አንኳኪ አልኳት። ሁሌም «ግራ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ ነገርኳቸው፤ ስለ ጆሮ ደግፉ፣ ስለ ሬዲዮው። እታለም እንዳልሽው ማንም አልሳቀም። አሁን እጅ አውጥተው ነው የሚናገሩት። የኋላ ወንበር ያለ አንድ ልጅ ደግሞ የረሳ ሰው ሲጠራኝ በጣቱ ያሳየኛል፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ለእናቴ የላክሽውን ነገርኳት። «20 ዓመት ሙሉ የኔ ጥፋት ነው ስል ነበር» አለች። ይህን አላውቅም ነበር።

ቤተሰብ ጋ ሄጄ ከወንድሜ ጋር ሌላ ሙከራ ሠራን። ዓይኔን በነጠላ ሸፈነና የበሬ ቃጭል ይዞ በዙሪያዬ እየዞረ አቃጨለ። ዝም ብዬ ስቆም ሁሉም ከግራ ነው። ጭንቅላቴን ማዞር ሲፈቀድልኝ ግን ከ10 ጊዜ 7ቱን አገኘሁት። ይቆይብኛል፤ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪያቃጭል መጠበቅ አለብኝ። የሚጎላበትን ስይዝ ግን ይታወቀኛል። ጅራፉንም ሞከርነው፣ እሱ እንኳ አልሆነልኝም፤ ሳልዞር ያልቃል።

ጥጃዋ አሁን ቃጭል አስራለች። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጠፍታ ነበር። ወንድሜ ሊነሳ ሲል «ቆይ» አልኩትና ብቻዬን ወጣሁ። አፋፉ ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እየነዳሁ መጣሁ።